በትርጉም የገደልኳት ሴት

በሕይወቴ ሰው ገድዬ አላውቅም። አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም የገደልኳት በትርጉም ነው። ሬሳ አልተገኘም፣ ፖሊስም አልፈለገኝም፤ ለቅሶ ግን እኔው ቤት፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሳሎኔ ተቀምጠንላታል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ። ስትፈርዱ ግን አማት ያላችሁና አማት የሌላችሁ ለየብቻ ተቀመጡ። አማት የሌለው ሰው የእኔን ነገር አይረዳውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ እርግዝና ነው። ሰናይት ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የመጀመሪያዋን፣ ኤልዳናን፣ ስትወልድ እናቷ ከደሴ በስልክ አብረዋት አምጠዋል ማለት ይቻላል። እኔ እጇን ይዤ አጠገቧ ቆሜ እሷ የምትሰማው ከስልኩ የሚወጣውን "አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ" የሚለውን ድምፅ ብቻ ነበር። እኒያ እናት ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ፣ "እናቴ የለችም፤ አባቴ እንኳ ደጄ ላይ ይቀመጥልኝ" አለች። ቪዛው ተለመነ፣ ተገኘ፤ አማቴ ጋሼ ተሰማ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ኮሎምበስ ገቡ።

ጋሼ ተሰማ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንኳ የማይደገፉ ሰው ናቸው። ደሴ ላይ የሚታወቁት በሱቃቸው ነው። ከሱቁ በፊት ግን፣ በጉብዝናቸው ወራት፣ ከአባታቸው ጋር ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ አሥር አሥራ አምስት በቅሎ እየነዱ፣ አሞሌ ጨው ጭነው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ዛሬም ማን ነዎት ቢባሉ "ነጋዴ" አይሉም፤ "ጫኝ ነኝ" ነው የሚሉት። ጭነት አሳምሮ ማሰር የማይችል ሰው ሌላም ነገር አይችልም ብለው ያምናሉ። እኔን ባዩኝ ቁጥር የጫማዬን ክር አተኩረው ይመለከታሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ነገር ደስ አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ሻንጣቸው ተዘግቶ፣ ዙሪያውን በገመድ ተጠፍሮ፣ በሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ?"

"ምን እሆናለሁ? እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ሥራ አለው። አንተ መጋዘንህ አለልህ። ልጅቷ ትምህርቷ አለላት። ሰናይትም ሆዷ አለላት። የእኔ ሥራ ይሄን መስኮት መጠበቅ ነው። መስኮቱ ደግሞ የትም አይሄድም።"

ሰናይት ወደ ኩሽና ጠራችኝ። ማቀዝቀዣውን ተደግፋ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያለቀሰችም እየተቆጣችም ነበር።

"አባዬ ሳልወልድ ከሄደ ምን እንደምሆን አላውቅም" አለች። "እንደ ምንም ብለህ አስቀረው።"

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ቢዚ አድርገው፣ ኢንተርቴይን አድርገው፤ ብቻ እንዳይሄድ!"

ማዝናናት ጀመርኩ። ፓርክ ወሰድኳቸው፤ "ደግ ነው፤ ይሄን ሁሉ ሣር ግን የሚበላው ከብት የታለ?" አሉ። ሞል ወሰድኳቸው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ቆዩና "ገበያ ከሆነ የሚከራከር ሰው አንድም አላየሁም" አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ቀን የመኪናዬን ጎማ ለማስቀየር ወንዝ ማዶ ወዳለው ፍራንክሊንተን ሰፈር ይዣቸው ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጋሼ አንገታቸውን በመኪናው መስኮት አውጥተው የሳዮቶን ወንዝ ቁልቁል ተመለከቱ።

"የዚህ ወንዝ መልካው በየት በኩል ነው?"

"መልካ የለውም ጋሼ፤ ድልድይ ነው ያለው።"

"እሱንማ አየሁት። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊትስ? እነዚህ ሰዎች ጭነታቸውን በየት አሻገሩ?"

ኮሎምበስ ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸው ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ መልሱን አላውቅም፤ የት እንደማገኘው ግን ወዲያው መጣልኝ። መሥሪያ ቤት ለዕረፍት ስንወጣ ልጆቹ ሁሉ የሚያወሩለት አንድ ተከታታይ ፊልም አለ። በድሮ ዘመን ሸራ በለበሰ ሰረገላ ልጅና ዕቃ ጭነው፣ ተራራና ወንዝ አቋርጠው ወደ ምዕራብ ስለሄዱ አሜሪካውያን የሚተርክ ነው። በማግሥቱ ከሥራ እንደገባሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከፈትኩላቸው።

"ተረት ነው?" አሉ።

"ኧረ የሆነ ታሪክ ነው ጋሼ! የሚያዩአቸው ተዋንያን ናቸው፤ መንገዱን የሄዱት ግን የእውነት ሰዎች ናቸው።"

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንስተው ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። በሆዴ እልል አልኩ። እልልታዬን ሳልጨርስ መተቸት ጀመሩ።

"ይሄ ሰውዬ ጭነት የያዘ ከብት ሽቅብ ያስጋልባል? እብድ ነው?"

"እ... ቸኩሎ ነው ጋሼ።"

"ከተነሡ ስንት ጊዜያቸው ነው?"

"ሁለት ወር።"

"ሁለት ወር ተጉዛ የዚህች ሴትዮ ቀሚስ እንዴት ነጭ ሆነ? ማን ነው የሚያጥብላት? ደግሞ ጤነኛ ሰው ሁሉ ምን ሊያደርግ ጋሪ ላይ ይወጣል? ሰው በእግሩ ይሄዳል እንጂ በከብት ላይ ይጨመራል? ሲጭኑ አላየሁ፣ ሲያራግፉ አላየሁ፤ ዕቃው በራሱ እግር ነው የሚወጣው?"

ወንዝ ላይ ደርሰው ከነጭነታቸው፣ ከነልጆቻቸው ዘው ሲሉማ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "አራግፉ እንጂ! መጀመሪያ በዱላ ለኩት እንጂ!" እያሉ ጮኹ፤ ሰናይት ከፎቅ "ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። "ወንዝ እየተሻገርን ነው" አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ዋናው ጥያቄ መጣ።

"ገጣባው የታለ?"

ገጣባን ለማታውቁት፣ ጭነት የከብትን ጀርባ ልጦ የሚያወጣው ቁስል ነው። ለሲራራ ነጋዴ የመንገድ ዋናው ጭንቀት ሽፍታ አይደለም፣ ጅብም አይደለም፤ ገጣባ ነው።

"ሁለት ወር የተጫነ አጋሰስ አንድ ገጣባ የለውም? ሁለት ወር የተጓዘ ሰው አንዱን እንኳ ሆዱን አላመመውም?" አሉ ጋሼ። "የሆነ ታሪክ ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር። አጥፋው።" ከወንበራቸው ተነሥተው ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ዓይናቸው ወደ ሻንጣው ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ እንግሊዝኛዬ የምናዘዘው ነገር አለኝ። በዲቪ መጥቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። የዌርሃውስ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፤ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ የማልሰማው ትእዛዝ የለም። የእነዚህ ባለ ሰረገላዎች እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ቃሉን ጢማቸው ውስጥ አኝከው፣ ግማሹን ውጠው፣ የተረፈውን ነው የሚተፉት። ከአሥር አረፍተ ነገር ሁለቱ ቢገባኝ ነው። ይሄን ለጋሼ ተሰማ እንዳልናገር ደግሞ ልጃቸውን የዳሩልኝ "የተማረ ነው" ተብለው ነው። ከጫማ ክሬ ቀጥሎ እንግሊዝኛዬም ተልፈስፍሶ ቢያገኙት ምን ይቀረኛል?

ሪሞቱን እንደያዝኩ የመንገደኞቹ አለቃ፣ ጋሼ "ነጋድራሱ" ብለው የሰየሙት ሰውዬ፣ አንዲት በቅሎ ጀርባ ላይ እጁን ጣል አድርጎ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሼ።

ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። እኔ ግን "በቅሎዋ ተገጥባለች እያለ ነው" አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። "እኮ!" አሉ። "በጨው ውሃ ይጠባት። ነገ ደግሞ እንዳይጭናት።"

ከዚያ ቀን በኋላ ማን ይያዘኝ። ቀይ ጢም ያለው ጎረምሳ የአንዲቱን ልጅ እጅ ይዞ፣ ጨረቃዋን እያሳየ ሲያባብላት፣ እኔ "መጫኛው ላልቷል፣ ጠዋት አጥብቂው እያላት ነው" እላለሁ። ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ተማዝዘው ሲፋጠጡ "በውሃ ተራ ተጣልተው ነው" እላለሁ። ቄሳቸው መጽሐፉን ዘርግቶ ረጅም ስብከት ሲሰብክ "ተቅማጥ ገብቷልና ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ" ብዬ በአንድ አረፍተ ነገር ጠቀለልኩት። ጋሼ ራሳቸውን በእርካታ እየነቀነቁ "አሁን ገና ሰው ሆኑ" አሉ። የፊልሙ ደራሲ የረሳውን ሁሉ እኔ ሞላሁለት፤ ምስጋና ግን አላገኘሁም።

ተከታታዩ አሥር ክፍል ነው። በቀን አንድ አንድ ብናይ ሰናይት ሳትወልድ ያልቃል። ስለዚህ "በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚለቁት" አልኳቸው። ሻንጣው በሩ ሥር ቢቆይም ገመዱ ላይ አቧራ ማረፍ ጀመረ፤ ሰናይትም ስታየኝ ፈገግ ማለት ጀመረች፤ ትዳሬ አማረበት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የስምንት ዓመቷ ኤልዳና ምንጣፉ ላይ ተጋድማ አብራን ስታይ ድንገት ቀና ብላ፣ "ዳዲ! ሂ ዲድንት ሴይ ዛት!" አለችኝ፤ ሰውዬው እንደዚያ አላለም ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ።

"ውሃ ጠማኝ አለች" አልኩና እየጎተትኩ ኩሽና ወስጄ አይስክሬም ሰጠኋት። ሌላውን ቀን ሁሉ ከትምህርት ቤት የምትመጣው እኛ ካየን በኋላ ስለሆነ ሰጋሁ እንጂ አልተያዝኩም።

ከመንገደኞቹ ሁሉ ጋሼ የወደዱት አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ሜሪ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ባሏ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ሲነዳ እሷ ከጎኑ በእግሯ የምትሄድ ሴት ናት። "መንገድ የምታውቅ ይህቺ ብቻ ናት" አሉ ጋሼ። ስሟ ማርያም ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ፣ "እንግዲያው ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው የሚሆነው" ብለው ወሰኑላት። ከዚያ በኋላ "ወለተ ማርያም ዛሬ ደክሟታል"፣ "ወለተ ማርያም ጫማዋ አልቋል" እያሉ እንደ ጎረቤት ነበር የሚጨነቁላት።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ሜሪ የሰረገላውን መንኮራኩር ይዛ አስመለሳት። ከዚያ ሸራው ውስጥ ተኛች። ባሏ ባርኔጣውን አውልቆ እጇን ይዞ አለቀሰ፤ የሆነ ነገርም ተናገረ፣ አንዷንም ቃል አልያዝኳትም። ወዲያው ሥዕሉ ተቀየረና አዲስ የተቆፈረ መቃብር፣ የእንጨት መስቀል፣ አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ታዩ። ክፍሉም እዚያው ላይ አለቀ።

"ምን ሆነች?" አሉ ጋሼ በቀጭን ድምፅ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የታመመች ሴት አየሁ፣ የሚያለቅስ ባል አየሁ፣ መቃብር አየሁ። ደግሞም ጋሼ ስንት ቀን ሙሉ "አንድ ሰው እንዴት አይታመምም?" ሲሉ የቆዩ ናቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ፣ "ኮሌራ ነው" አልኩ። "አረፈች።"

"አሁን ገና እውነት ሆነ" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ቲኬቴን ለሚመጣው ሳምንት አስተካክልልኝ" አሉ።

"ጋሼ! ገና አራት ክፍል ይቀራል!"

"ለእኔ አልቋል። ነፍሰ ጡር ልጄ አጠገብ ተቀምጬ የሴት ሞት አላይም። ልጄም ስታምጥ ለእሷ የማደርገው ነገር የለኝም። ያቺ እናቷ ብትኖር ታውቅበት ነበር፤ እኔ ጫኝ ነኝ።"

ሰናይት ስትሰማ አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ሞከርክ፤ ምን ታደርግ" አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር እፈልግና፣ አማቴ ፊት ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩትን እንግሊዝኛ ማራገፍ አቃተኝ። እሑድ ድረስ እንዲሁ ስቁለጨለጭ ሰነበትኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስማቸው የተጻፈ ሙታን ሲጠሩ "ወለተ ማርያም" የሚል ሰማሁ፤ ጆሮዬንም አላቆመውም። የትኛው እሑድ ነው ወለተ ማርያም የማትጠራው? ከቅዳሴ በኋላ መኪና ላመጣ ስወጣ ጋሼ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ቆመው ሲያወሩ አየሁ። እትዬ ዘውዴ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጥተው እዚህ የደረሱ፣ ዛሬ የራሳቸው ግሮሰሪ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ኮሎምበስ ውስጥ ሐበሻ ሲወለድም ሲሞትም ከሐኪሙ ቀድመው የሚሰሙ እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ትሪ የተሸከሙ ሦስት ሴቶችና የታሸገ ውሃ የታቀፈ አንድ ሰውዬ አሉ።

"እግዜር ያጥናችሁ" አሉኝ።

እንዲህ ሲባል ሰው ምን ያደርጋል? አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው መርዶ መሆኑ ገባኝ፤ ከሰናይት ዘመድ አንዱ ሞቶ፣ እርጉዝ ስለሆነች ቀስ ብለው ሊያረዷት መምጣታቸው ነው። ሰናይት ፎቅ ላይ ተኝታለች። አስገባኋቸው፣ ወንበር አመጣሁ፣ ተቀመጡ፣ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቤቴ ለቅሶ ተቀምጬ "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ብዬ እንዴት ልጠይቅ? በሩ ደጋግሞ ይንኳኳል፤ ሰው ይገባል፤ ጫማው መተላለፊያውን ሞላው። ጋሼ ከክፍላቸው ወጥተው ሰዉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከሁሉም መሐል በክብር ተቀመጡና "ደጎች ናችሁ፤ ለማታውቋት ሴት" አሉ።

ሴት ናት ማለት ነው። በአሳብ የሰናይትን አክስቶች አንድ በአንድ መቅበር ጀመርኩ። በመጨረሻ ወደ እትዬ ዘውዴ ጠጋ ብዬ፣ በብልኃት፣ "መቼ ነው የሰማችሁት?" አልኳቸው።

"ዛሬ ነዋ፣ ጋሼ ተሰማ ስሟን ለቄሱ ሲሰጡ። ማን ናት ብላቸው፣ 'በመንገድ ላይ የሞተች ልጅ እግር ሴት ናት' አሉኝ። ሌላ ምን እጠይቃለሁ? ወለተ ማርያምን ነፍስ ይማር።"

ሃያ ሰው የሚሆን ሐበሻ፣ አምስት ትሪ ምግብና ሁለት ካርቶን ውሃ ለአንዲት የቴሌቪዥን ሴትዮ ሳሎኔ ተቀምጧል። ሜሪ ደግሞ ኦርቶዶክስ እንኳ መሆኗን እጠራጠራለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት በሩ ይንኳኳል፤ ገቢው "እግዜር ያጥናህ" ይለኛል፤ አፌን እዘጋለሁ።

በዚህ መሐል ሰናይት ከእንቅልፏ ነቅታ ደረጃውን ወረደች። ጥቁሩን ልብስ አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። የደረጃውን እንጨት ጨብጣ "ማነው? ማን ሞተብኝ?" ብላ ጮኸች፤ ከንፈሯ ነጣ፣ አንድ እጇ ሆዷን ያዘ። ያን ጊዜ አማትም፣ እንግሊዝኛም፣ ክብርም ከዓይኔ ጠፉ።

"ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮኽኩ። "ሜሪ ናት! የፊልሟ ሜሪ! እኔ ነኝ የገደልኳት! እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ የሞተች መሰለኝ!"

ኤልዳና ከምንጣፉ ላይ፣ አይስክሬም እንኳ ሳይገታት፣ "ሜሪ ኢዝ ኖት ዴድ! ሺ ኢዝ ፕሬግናንት!" አለች። ልጅቷ ለካ ለብቻዋ ቀሪውን ሁሉ አይታ ጨርሳለች። ሪሞቱን አንሥታ ሰባተኛውን ክፍል ከፈተች። በታሪኩ ወራት አልፈው፣ ሜሪ ሆዷ ገፍቶ፣ በሕይወት፣ በሃያ ለቀስተኛ ፊት ሰረገላው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ባሏ ያለቀሰው አባት ሊሆን ነው ብሎ በደስታ ኖሯል። መቃብሩም የአንድ ሽማግሌ መንገደኛ ነበር።

ሰናይት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ አጠገቧ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ፤ ልትመታኝም ልትስቅም እየፈለገች ሁለቱንም አልቻለችም።

እትዬ ዘውዴ እኔን በዓይናቸው ፈጅተው ሲጨርሱ ወደ አማቴ ዞሩ። "ጋሼ ተሰማ፣ ለቴሌቪዥን ሴት ነው እንዴ ስም ያስጠሩት?"

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ለእኔም ለልጃቸውም ነግረውን የማያውቁትን ነገሩን።

"አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንዲት ሴት ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ ከእኛ ነጋዴ ጋር ተጠግታ ነበር። አምስት ቀን አብራን ሄደች። ውሃ ትቀዳልን ነበር፤ አትናገርም። በስድስተኛው ቀን ታመመች፣ በሰባተኛው መንገድ ዳር ቀበርናት። አባቴ ለቄስ ሊነግርላት ሲል ክርስትና ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ውሃዋን ስጠጣ አልጠየቅኳትም። ይኸው ስድሳ ሦስት ዓመቴ። ይህችኛዋ የእውነት ሰው ናት ስላለኝ፣ ስሟም ስለታወቀ፣ እሷን ሳስጠራ ለዚያችኛዋም ይደርስላታል ብዬ ነው።"

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘውዴ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዙ።

"ይደርሳታል" አሉ። "እኔም ሱዳን መንገድ ላይ ጥያት የመጣሁ ጓደኛ አለችኝ። በመንገድ የሞተች ሲሉኝ ማን ናት ብዬ መች አጣራሁ? ከጠዋት ጀምሮ የማለቅሰው ለእሷ ነው።" ከሰውም መሐል አንዱ ሌላ ስም ጠራ፤ ሌላዋም ሌላ ጠራች። እያንዳንዱ ይዞት የመጣው የራሱ ሰው ኖሯል። እኔ ያፈርኩት እዚያ ላይ ነው፤ በውሸቴ ሳይሆን ሰዉ ምን ይዞ እንደሚኖር ባለማወቄ።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አቀኑና "በሉ፣ ምግቡ ይቀርብ፤ ያልሞተች ሴት ተዝካር ቀዝቅዞ አይበላም" አሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። እኔ ከአስተርጓሚነቴ በዚያው ሰዓት ተሻርኩ። ሰናይት ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ትከሻቸውን ተደግፋ፣ የተባለውን እንደተባለ ትተረጉምላቸው ጀመር። አለቃው በቅሎዋ ላይ እጁን ጥሎ ሲናገር "ነገ ዝናብ ይመጣል አለ" አለቻቸው። ጋሼ እኔን በጎን ዓይናቸው አዩኝ። የሚገርመው ነገር ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

"ልጅቷ ስንት ወሯ ነው?" አሉ ወደ ሜሪ እያመለከቱ።

"ስምንት አካባቢ" አለች ሰናይት።

"ስምንት ወር ሆኗት በዚህ ኮረኮንች ጋሪ ላይ ያስቀምጣታል? ያን ሰውዬ እኔ ባገኘው!"

ሰናይት እሳቸውን ሳታይ፣ "አባዬ፣ ቲኬቱስ?" አለች።

ጋሼ ተሰማ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም።

"ሁለት እርጉዝ ሴት መንገድ ላይ ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?"